ከቅንፍ ፊት ያለ ማይነስ ለምን ሁሉንም ይነካል? ለወንድሜ እንዴት ላስረዳው?

የቁስቋሟ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ታናሽ ወንድሜ አሥረኛ ክፍል ነው፣ ማታ ማታ ሒሳብ አብረን እንሠራለን። አሁን ፖሊኖሚያል መደመርና መቀነስ ላይ ነን። መደመሩን ጥንቅቅ አድርጎ ይሠራል። ቅንፉን ያነሳል፣ ላይክ ተርሞቹን (ፓወራቸው አንድ የሆኑትን) ይሰበስባል፣ አለቀ። መቀነሱ ላይ ነው ችግሩ።

ስልኬ የሚጽፈው በአማርኛ ብቻ ስለሆነ በኤክስ ቦታ «ሀ» ብያለሁ። እናንተም በዚሁ ብትመልሱልኝ ሳሳየው አይምታታበትም። ጥያቄው ይሄ ነው፦

(5ሀ² − 3ሀ + 4) − (2ሀ² − 7ሀ + 1)

እሱ የሠራው፦

5ሀ² − 3ሀ + 4 − 2ሀ² − 7ሀ + 1 = 3ሀ² − 10ሀ + 5

መልሱ 3ሀ² + 4ሀ + 3 መሆኑን አውቃለሁ። «ምልክቱን ቀይር» ስለው ያን ዕለት ይቀይራል። ሌላ ቀን ስንመለስበት ግን እንደገና የመጀመሪያዋን ብቻ ነው የሚቀይረው። የሚጠይቀኝ ጥያቄ ደግሞ እውነት አለው። «ማይነሱ የተጻፈው ከ2ሀ² ፊት ነው፣ ከ7ሀ ጋር ምን አገናኘው? መደመር ላይ ቅንፉ ዝም ብሎ ሲነሳ እዚህ ላይ ለምን አይነሳም?» ይለኛል። እንዲሸመድደው አልፈልግም። አንዴ የገባውን ነገር አይረሳም፣ ልጁን አውቀዋለሁ። መምህራን ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

የፋሲል_ደጋፊ፦

እህቴ ብዙ አታስጨንቂው። ከቅንፉ ፊት ማይነስ ካለ ውስጥ ያለውን ሁሉ ገልብጥ፣ ፕላስ ካለ እንዳለ ተወው። በቃ። ፈተና ላይ «ለምን» ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሰዓቱም አይበቃም። አሥር አሥር ጥያቄ በየቀኑ ይሥራ፣ እጁ ይለምደዋል።

መምህር_ከአዘዞ፦

የልጁ ጥያቄ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ልጆች ክፍል ውስጥ ይሄንኑ ያስባሉ ግን አፍረው አይጠይቁም። ስለዚህ ከ«ለምን» እንጀምር፣ ሕጉ ራሱ ተከትሎ ይመጣል።

መጀመሪያ ሀ የሚባለውን ነገር ተይውና በብር አሳዪው። ቅዳሜ ገበያ 1000 ብር ይዞ ሄደ እንበል። ጫማው 700 ነው፣ ተከራክሮ 100 አስቀነሰ። ስንት ብር ተረፈው? 600 ከፍሎ 400 ይዞ ይመለሳል፣ ይሄን ማንም ልጅ በቃሉ ይነግርሻል። አሁን ወረቀት ላይ ጻፉት፦

1000 − (700 − 100)

እሱ ፖሊኖሚያሉን በሠራበት መንገድ ቅንፉን ካነሳ 1000 − 700 − 100 ይሆናል፣ ያ 200 ነው። ማለትም ያስቀነሰውን 100 ብር መልሶ ከኪሱ አስወጣው ማለት ነው! ትክክለኛው 1000 − 700 + 100 ነው። መጀመሪያ ሙሉውን 700 አነሳን፣ ግን 100 አብዝተን ስላነሳን እሷን መመለስ አለብን። ቅንፍ ውስጥ ያለው ማይነስ ሲወጣ ፕላስ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከመጠን በላይ የቀነስነውን እየመለስን ነው።

አሁን ወደ እሱ ጥያቄ። ማይነሱ የተጻፈው ከ2ሀ² ፊት አይደለም። ከቅንፉ ፊት ነው። ቅንፍ ማለት «ይሄ ሁሉ አንድ ነገር ነው» ማለት ነው። የምንቀንሰው 2ሀ² ሳይሆን 2ሀ² − 7ሀ + 1 የሚባለውን ሙሉ ነገር ነው። 2ሀ²ን ብቻ ብንቀንስ 7ሀ አብዝተን አንስተናል፣ ስለዚህ 7ሀ እንመልሳለን፣ ፕላስ። ያቺ 1 ደግሞ ገና አልተነሳችም፣ ስለዚህ እናነሳታለን፣ ማይነስ።

5ሀ² − 3ሀ + 4 − 2ሀ² + 7ሀ − 1 = 3ሀ² + 4ሀ + 3

መደመር ላይ ቅንፉ ዝም ብሎ የሚነሳው ለምን እንደሆነም ከዚሁ ይታያል። 7ሀ የጎደለበትን ነገር ስንጨምር ያው 7ሀ እንደጎደለበት ነው የሚገባው፣ የሚመለስ ነገር የለም።

አንድ ሌላ መንገድ ልጨምር፣ አንዳንዱ ልጅ ላይ ከብሩ ይልቅ ይሄኛው ይሠራል። መቀነስ ማለት ተቃራኒውን መደመር ነው። የ2ሀ² − 7ሀ + 1 ተቃራኒ ምንድን ነው? ከራሱ ጋር ተደምሮ ዜሮ የሚሰጠው ነው። ወንድምሽ ራሱ ይፈልገው፣ አትንገሪው። 2ሀ²ን ለማጥፋት −2ሀ² ያስፈልጋል፣ −7ሀን ለማጥፋት +7ሀ፣ +1ን ለማጥፋት −1። አንዷን ሳትገለብጪ ብትተዪ ድምሩ ዜሮ አይመጣም። የሱን −2ሀ² − 7ሀ + 1 ብንደምረው −14ሀ + 2 ይተርፋል። ይሄን በዓይኑ ሲያየው «ለምን ሁሉንም» የሚለው ይመለስለታል።

የፋሲል ደጋፊ፣ ልምምድ ያስፈልጋል ባልከው እስማማለሁ። ግን ምክንያቱን ሳያውቅ የለመደ እጅ ጥያቄው ትንሽ መልኩን ሲቀይር ይጠፋበታል። ልጁ ራሱ ምክንያቱን ጠይቋል እኮ፣ ለሚጠይቅ ልጅ መንገር ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

ቴዎድሮስ_ግቢ፦

መምህር በደንብ አስረድተዋል፣ እኔ ስለ ማረጋገጫ ልጨምር። ብዙ ተማሪ የማይጠቀምበት ግን ነጥብ የሚያድን ነገር ነው።

ፖሊኖሚያል ሲደመርም ሲቀነስም መልሱ ለየትኛውም የሀ ዋጋ እውነት መሆን አለበት። ስለዚህ አንድ ቁጥር አስገብቶ ማየት ይቻላል። እኔ 10ን ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ስሌቱ በቃል ይሠራል። ሀ = 10 ሲሆን የመጀመሪያው ቅንፍ 500 − 30 + 4 = 474 ነው። ሁለተኛው 200 − 70 + 1 = 131። 474 − 131 = 343። መልሱን ተመልከቱት፣ 3ሀ² + 4ሀ + 3፣ 300 + 40 + 3። 343! የወንድምሽ መልስ ግን 300 − 100 + 5 = 205 ይመጣል። ማንም ሳይነግረው ራሱ ይይዘዋል።

ይሄ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የምንጽፈው ቁጥር ራሱ የ10 ፖሊኖሚያል ነው፣ 343 ማለት 3 መቶ፣ 4 አሥር፣ 3 አንድ ነው። ላይክ ተርም መሰብሰብ ደግሞ አንደኛ ደረጃ ላይ አንድን ከአንድ ቤት፣ አሥርን ከአሥር ቤት በታች አድርገን የደመርነው ነገር ነው። ሀ² ከሀ ጋር የማይደመረው መቶ ከአሥር ቤት ጋር ስለማይደመር ነው።

ግን 0 እና 1ን ለማረጋገጫ አትጠቀሙ። አንድ ልጅ 3ሀ² + 2ሀ = 5ሀ³ ብሎ ቢጽፍ በ1 ሲፈትሸው ሁለቱም ጎን 5 ይሆንና ትክክል ይመስለዋል። በ0ም ሁለቱም ዜሮ ነው። በ2 ሲሞክረው ግን አንዱ 16፣ ሌላው 40። እዛ ላይ ይነቃል።

አንድ ቁጥር ብቻ ሞክሮ መግጠሙ መቶ በመቶ ማረጋገጫ ነው ወይ? አይደለም። ሁለት የተለያዩ ባለ ስኩዌር ፖሊኖሚያሎች ቢበዛ ሁለት ቦታ ላይ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ስለዚህ ትልቁ ፓወር 2 ከሆነ በሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ከገጠመ ያለ ጥርጥር እኩል ናቸው። ፓወሩ 3 ከሆነ አራት ቁጥር። ፈተና ላይ ግን አንድ ቁጥር ይበቃል፣ ብዙውን ስህተት ይይዛል።

ደግሞ ወንድምሽ ብቻውን እንዳልሆነ ንገሪው። የሰው ልጅ ይሄን ነገር አጥብቆ ሲያስብበት ኖሯል። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በ628 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጻፈው ሥራ ውስጥ ፖዘቲቭ ቁጥርን እንደ ሀብት፣ ኔጌቲቭን እንደ ዕዳ አድርጎ ሕጎቹን አስቀምጧል። ከዜሮ ላይ ዕዳ ሲቀነስ ሀብት ይሆናል ይላል። የመምህርን የ100 ብር ነገር አስቡት፣ ያው ነው።

የቁስቋሟ፦

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የብሩን ነገር ስነግረው ወዲያው ነው የገባው። «ያስቀነስኩትን እኔው ልከፍል ነው እንዴ?» አለ። ዜሮ የሚያመጣውን ራሱ ፈለገና አገኘው። ቴዎድሮስ ግቢ አንተም ተባረክ፣ አሁን እያንዳንዱን መልስ በ10 ሳይፈትሽ አያልፍም።

አሁን ሌላ ጥያቄ መጣ። ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ ሲኖርስ? እንዲህ ያለ፦

7ሀ − [2ሀ − (5 − 3ሀ) + 4]

ከውጭ ይጀምር ወይስ ከውስጥ? መጽሐፉ ከውስጥ ይላል፣ ጓደኛው ደግሞ ከውጭ ይሻላል ብሎታል።

መምህር_ከአዘዞ፦

በሁለቱም ይመጣል፣ ለጀማሪ ግን ከውስጥ ይሻላል። ምክንያቱም እያንዳንዱን ቅንፍ ሲፈታ መሰብሰብ ስለሚችል የሚጽፈው ነገር እያጠረ ይሄዳል። ተረጋግቶ፣ በአንድ መስመር አንድ ቅንፍ ብቻ ይፍታ። ሁለት ቅንፍ በአንድ መስመር ለመፍታት መሞከር ነው ልጆቹን የሚጥላቸው።

ውስጠኛው፦ 2ሀ − (5 − 3ሀ) + 4 = 2ሀ − 5 + 3ሀ + 4 = 5ሀ − 1

እዚህ ላይ +4ን ልብ ይበል። ከክቡ ቅንፍ ውጭ ነው ያለው፣ ስለዚህ የ(5 − 3ሀ) ማይነስ አይነካውም። ማይነስ የሚሠራው ቅንፉ እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ነው። ይሄን የሚስቱ ልጆች ብዙ ናቸው፣ አንዴ መገልበጥ ከጀመሩ እስከ መስመሩ መጨረሻ ይገለብጣሉ።

ከዚያ፦ 7ሀ − (5ሀ − 1) = 7ሀ − 5ሀ + 1 = 2ሀ + 1

ጓደኛው እንዳለው ከውጭ ለመሥራት ደግሞ እያንዳንዱ ተርም ላይ ስንት ማይነስ እንደሚደርስ ይቆጠራል። 5 ላይ የሁለቱ ቅንፎች ማይነስ ይደርሳል፣ ሁለት ስለሆኑ ፕላስ ይወጣል። 3ሀ የራሷም ማይነስ ስላላት ሦስት ይሆናሉ፣ ማይነስ። 4 ላይ የካሬው ቅንፍ ብቻ፣ ማይነስ። 7ሀ − 2ሀ + 5 − 3ሀ − 4፣ ያው 2ሀ + 1። ፈጣን ነው፣ ግን ዓይን ይጠይቃል። ከውስጥ መሥራቱን አጥርቶ ሲያውቅ ይሞክረው።

የፋሲል_ደጋፊ፦

መምህር አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከቅንፉ ፊት ቁጥር ሲኖርስ ያው መገልበጥ ነው? ለምሳሌ 4(ሀ² − 2ሀ) − 3(ሀ² − 2ሀ + 5)። የአክስቴ ልጅ ትናንት ይሄን ይዛ መጥታ ነበር፣ 3ቱን ከመጀመሪያዋ ጋር ብቻ አባዝታ ምልክቱን ደግሞ ሁሉንም ገልብጣለች።

መምህር_ከአዘዞ፦

እሷ የሠራችው ግማሹን ነው። ምልክቱም ቁጥሩም አብረው ነው የሚገቡት። −3 አንድ ቁጥር ነው ብላ ትያዘው። −3 ከሀ² ጋር −3ሀ²፣ ከ−2ሀ ጋር +6ሀ፣ ከ+5 ጋር −15።

4ሀ² − 8ሀ − 3ሀ² + 6ሀ − 15 = ሀ² − 2ሀ − 15

በ10 ፈትሽላት፣ 320 − 255 = 65፣ መልሱም 100 − 20 − 15 = 65።

ባዶ ማይነስም እኮ −1 ናት፣ 1ዋ ስላልተጻፈች ነው። «ገልብጥ» የሚለው ሕግ በ−1 ማባዛት ነው። ስለዚህ ሁለት ሕግ መያዝ አያስፈልግም፣ ከቅንፉ ፊት ያለው ነገር ውስጥ ካለው ከእያንዳንዱ ጋር ይባዛል፣ ይሄ አንዱ ሁሉንም ይሸፍናል።

አስጠኚ_ፒያሳ፦

ልጆች ስለማስጠና ሁሌ የሚያጋጥመኝን ልንገራችሁ፣ ሁለት ቦታ አለ።

አንደኛው የጎደለ ፓወር ሲኖር ነው። ከላይና ከታች አድርጎ መቀነስ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ቦታው ካልተጠበቀ ሁሉ ነገር ይቀላቀላል። ይሄን እዩት፦

(6ሀ³ + 2ሀ − 9) − (ሀ³ − 4ሀ² + 2ሀ − 5)

የመጀመሪያው ላይ ሀ² የለም። 0ሀ² ብለው ቦታውን ይያዙ። ከዚያ ከታች ያለውን ምልክት ሁሉ መጀመሪያ ቀይረው እንደገና ይጻፉትና ይደምሩ፦

6ሀ³ + 0ሀ² + 2ሀ − 9
−ሀ³ + 4ሀ² − 2ሀ + 5
5ሀ³ + 4ሀ² + 0ሀ − 4

መልሱ 5ሀ³ + 4ሀ² − 4 ነው። በተጻፈው ምልክት ላይ ክብ እየሠሩ መቀየር አልወድም፣ ወረቀቱ ይጨማለቅና ተማሪው የቀየረውን ካልቀየረው መለየት ያቅተዋል። አንድ መስመር ወረቀት ማትረፍ ምንም አይጠቅምም።

ሁለተኛውና የባሰው ክፍልፋይ ነው። ቅንፍ ሳይጻፍ ቅንፍ አለ! የክፍልፋዩ መስመር ራሱ ቅንፍ ነው። 5ሀ ለ2 ሲካፈል ተጽፎ፣ ከሱ ላይ 3ሀ − 4 ለ2 ተካፍሎ ይቀነስ ሲባል ላዩ ላይ ቅንፍ አይታይም። ልጆቹ ታህቱ አንድ ነው ብለው ላዩን 5ሀ − 3ሀ − 4 ብለው ይጽፋሉ። 3ሀ − 4 ግን መስመሩ ላይ አንድ ሆኖ ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ 5ሀ − (3ሀ − 4) = 2ሀ + 4፣ ለ2 ሲካፈል ሀ + 2። እኔ የማስጠናቸውን ልጆች ክፍልፋይ ከመቀነሳቸው በፊት ቅንፉን በእጃቸው እንዲጨምሩ አደርጋለሁ። መጽሐፉ ባይጽፈውም ይጻፉት። ይሄ ልማድ ኋላ እኩልታ ሲፈቱ በጣም ይጠቅማቸዋል።

የቁስቋሟ፣ ለወንድምሽ ይሄን ስጪው፣ መደመርም መቀነስም አለው። የአንድ ትሪያንግል ዙሪያ 9ሀ² − 2ሀ + 7 ነው። ሁለቱ ጎኖች 3ሀ² + ሀ እና 4ሀ² − 5ሀ + 2 ናቸው። ሦስተኛው ጎን ስንት ነው?

የቁስቋሟ፦

ሠራው! መጀመሪያ ሁለቱን ጎኖች ደመረ፣ 7ሀ² − 4ሀ + 2። ከዚያ ሙሉውን በቅንፍ አድርጎ ከዙሪያው ቀነሰ፦

9ሀ² − 2ሀ + 7 − 7ሀ² + 4ሀ − 2 = 2ሀ² + 2ሀ + 5

በ10 ፈተሸው። 887 − (310 + 352) = 225። መልሱም 225። ግን አንድ ጥያቄ አለው፣ ሁለቱን ጎኖች ሳይደምር አንድ በአንድ ቢቀንስስ ያው ነው ወይ ይላል።

አስጠኚ_ፒያሳ፦

ጎበዝ! አዎ ያው ነው። መጀመሪያ 3ሀ² + ሀን ሲቀንስ 6ሀ² − 3ሀ + 7 ይቀረዋል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ሲቀንስ 2ሀ² + 2ሀ + 5። ግን እንዲህ ሲሠራ ማይነስ ያለው ቅንፍ ሁለቴ ነው የሚፈታው፣ እሱ በሠራበት መንገድ አንዴ ብቻ። ስለዚህ የሚቀነሱት ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ መጀመሪያ መደመሩ ይሻለዋል።